ያላጨሰ አያርፍም

ከነዚህ ሰዎች ጋር ያስተዋወቀኝ የታጠበ ሸሚዝ ነው። የምኖረው ደቡብ ኮሪያ፣ ሶል ውስጥ ቻንግሺን የሚባለው ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ ነው። ከካርቶን ፋብሪካ ስመለስ ሸሚዜን አጥቤ መስኮቴ ላይ አሰጣለሁ። ከመስኮቴ ስር ደግሞ የአንድ ልብስ ስፌት ቤት ቧንቧ አለ፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ሲተፋ ይውላል። እንፋሎቱን ለምጄዋለሁ። ብርዱ ሊገባ ሲል ግን ሸሚዜ ኮክ ኮክ መሽተት ጀመረ። የሥራ ቤት ልጆች "ሽቶ ጀመርክ እንዴ? ማን ናት?" እያሉ ይስቁብኛል። ወርጄ እንዳልጠይቅ ደግሞ ሰው ቤት ማንኳኳት አልወድም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የሰፈራችን ደረጃ መደገፊያ ብረት ላይ ከላይ እስከ ታች የሱፍ ካፖርት ተሰቅሎበት አገኘሁ። አጠገቡ ሳልፍ ይሸተኛል፤ ልክ እንደ ሸሚዜ። አንድ ሽማግሌ መሳይ ሰውዬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ካፖርቶቹን ይጠብቃል። እንደምንም ደፍሬ ስለ ሸሚዜ ነገርኩት። ሳልጨርስ ፊቱ ቀላ።

"የኔ ጥፋት ነው" አለኝ። ከዛ ትንሽ አሰበና፣ "የኔ ብቻ ግን አይደለም" አለ።

ቀስ በቀስ እሱም እሷም የነገሩኝ ታሪክ ይሄ ነው። እሷ ማን እንደሆነች እመጣበታለሁ።

ሰውየው ቹ ማንሶክ ይባላል። ሰፈሩ ጋሼ ይለዋል፣ እኔም ጋሽ ማንሶክ እለዋለሁ። ሥራው ካውያ ነው። ሴቶቹ በመኪና ይሰፋሉ፣ እሱ የተሰፋውን ይተኩሳል። ካፖርት ከመኪና ሲወርድ ጆንያ ነው የሚመስለው፤ ትከሻ አውጥቶ፣ ኮሌታውን አስተኝቶ ሰው ሰው የሚያስመስለው ጋሽ ማንሶክ ነው። የሚተኩስበት ጠረጴዛ የቤታችን ዓይነት ጠረጴዛ አይደለም። ላዩ እንደ ወንፊት ነው፣ ከስሩ ፔዳል አለው። መጀመሪያ በካውያው እንፋሎት ይለቅበታል፣ ከዛ ፔዳሉን ሲረግጠው ጠረጴዛው እንፋሎቱን በጨርቁ ውስጥ አሳልፎ ወደ ታች ይመጠዋል፣ በቧንቧ ወደ ውጪ ይተፋዋል። ጨርቁ ወዲያው ይደርቅና ቅርጹ ይቆማል። ይሄን ጠረጴዛ አደራ እንዳትረሱት፤ የመጣው ጣጣ ሁሉ በሱ ነው የመጣው።

ጋሽ ማንሶክ ሲጋራ ያጨሳል። ቤቱ ውስጥ ጨርቅ ስላለ ማጨስ አይቻልም፣ ስለዚህ ደረጃው ላይ ወጥቶ ነው የሚያጨሰው። ከደረጃው የድሮው የከተማ ግንብ ይታያል። ጥቅልል ጨርቅ ጭነው ከዶንግዴሙን ገበያ የሚወጡት ሞተረኞች እዛ ያርፋሉ። ስኳር ድንች የሚጠብሰው ሰውዬም ጋሪውን እዛ ያቆማል። አንዱ "ጋሼ፣ ጉልበትህ እንዴት አደረ?" ይለዋል፤ ሌላው እሳት ይለምነዋል። ሲጋራው ያልቃል፣ ጋሽ ማንሶክም ይገባል።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። እዛ ቤት ውስጥ እረፍት የሚባል ነገር አልነበረም። ምሳ እንኳን ሩዙንም ኪምቺውንም ጉልበት ላይ አድርጎ ጎረስ ጎረስ፣ ከዛ ወደ መኪና ነው። "ደክሞኛል፣ ትንሽ ልቀመጥ" የሚል ቃል ማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ቢናገርም የሚሰማው የለም። ሲጋራ የያዘ ሰው ግን ዝም ብሎ ይወጣል። ማንም የት ነህ አይለውም። ባዶ እጁን የወጣ ሰው "የት ነው?" ይባላል። ራሱን የሚመርዝ ይረፍ፣ ጤናውን የሚጠብቅ ይሥራ ማለት አይደለም ይሄ? እኔ ሌላ ትርጉም አጣሁለት።

ይሄን ከኔ በፊት ያወቀችው እትዬ ኦክቡን ናት። ከጋሽ ማንሶክ ፊት ለፊት ባለው መኪና ኮሌታ ትሰፋለች። እንደ ጎበጠች ትውላለች፣ ማታ ቀና ስትል ወገቧ ይጮሃል። ሲጋራ በአፏ ገብቶ አያውቅም። እሱ ካውያውን አስቀምጦ ኪሱን መዳበስ ሲጀምር፣ ቀና ሳትል ትለክፈዋለች።

"ሂድ፣ ሂድ፤ ሳንባህ እየጠራህ ነው።"

"ነይ አብረን እንውጣ፣ ማን ከለከለሽ?"

"ምን ብዬ ልውጣ? ወገቤ ሊያጨስ ነው ልበል?"

ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል። እሷ ግን አትስቅም ነበር፤ ይሄን ራሱ ነው የነገረኝ። "ዓመት ሙሉ ቀልድ ይመስለኝ ነበር" አለኝ። "ለካ ቂም ነው።"

አለቃቸው አቶ ጓክ ይባላል። በዕድሜ ከሁለቱም ያንሳል፤ አፉ ማር ነው፣ ሰውን በአንቱታ ነው የሚያናግረው። ድሮ እሱም ደረጃው ላይ ያጨስ ነበር። ኋላ ግን ሲጋራውን ትቶ የባትሪ ሲጋራ፣ ቬፕ የሚሉትን፣ ጀመረ። አንድ ጠዋት ሌላ ጨምሮ ይዞ መጣና፣

"ጋሽ ማንሶክ፣ ሳልዎ ከመኪናዎቹ ድምፅ በለጠ እኮ" አለው። "ይሄን ይዤልዎት መጣሁ። እሳት የለ፣ አመድ የለ፣ ሽታ የለ። ሽታው ቢኖርም የኮክ ነው።"

ጋሽ ማንሶክ በሁለት እጁ ተቀበለው። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አይዋሽም፣ ራሱ ነው የነገረኝ። እውነትም ሳሉ ብሶበት ነበር። ልጁ በስልክ ስታናግረው መጀመሪያ ሳሉ እስኪያልፍለት ነው የምትጠብቀው። "ሳንባዬን ያሰበልኝ ሰው ተገኘ" አለ በሆዱ። የቀረውን ፓኮ ሲጋራ ለሞተረኞቹ አከፋፈለው። አንደኛዋ ሰፊ ከካፖርት ገበር በተረፈ ቁራጭ ማንጠልጠያ ሰፋችለት፣ አንገቱ ላይ አሰረው።

በማግስቱ ጠዋት እንደለመደው ደረጃው ላይ ወጣ። ከሰዓት ሊወጣ ሲል አቶ ጓክ በሩ ላይ አገኘው።

"የት ነው ጋሽ ማንሶክ?"

"ላጭስ።"

"እሱን ለማጨስ ምን ያስወጣዎታል? ጭስ የለው፣ እሳት የለው። እርስዎ እንደሆነ እንፋሎት ውስጥ ነው የሚውሉት። እንፋሎት በእንፋሎት፣ ማን ይለየዋል? እዛው ቆመው ይሳቡ እንጂ። ሱስዎም አይጓደል፣ ሥራውም አይቁም።"

ይሄን የተናገረው በሹክሹክታ አይደለም። መኪናዎቹን በልጦ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ነው። የእትዬ ኦክቡን መኪና ለአፍታ ቆመ፣ መልሶ ቀጠለ።

ጋሽ ማንሶክ ተመለሰ። ስጦታ የሰጠህን ሰው ምን ትለዋለህ?

ከዛ በኋላ እዛው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ መሳብ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ነበር። ስቦ ሲለቀው ነጭ ደመና ይወጣል፤ የሴቶቹ ፊት ላይ እንዳይሄድ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ፔዳሉን ይረግጣል። ደመናው እልም። ዘዴው ደስ ብሎት ለእትዬ ኦክቡን አሳያት።

"እይልኝ። የት ሄደ?"

"አስማተኛ ሆንክልን" አለች። "ወገቤንም እንደሱ አጥፋልኝ።"

አቶ ጓክም አይቶ አደነቀ። "ሁሉም እንደ ጋሽ ማንሶክ ቢሆን የት በደረስን" አለ። እውነትም ሥራው ፈጠነ፤ የሚቆም ሰው የለማ። ከሌላ ስፌት ቤት የተረፈ ካፖርት ሁሉ እየመጣ ይከመርበት ጀመር።

ግን ደስታው አልቆየም። ሲጋራ ያልቃል። ሲያልቅ ትጥለዋለህ፣ ጉልበትህን አፍታተህ ትገባለህ። ይሄ ግን አያልቅም። አንገትህ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጅህ ሳታዝዘው ይሄዳል፣ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ጡጦ ነው። ጉሮሮው ደረቀ። ከሰዓት በኋላ ራሱን ያዞረው ጀመር። ጉልበቱ ያብጣል። ሳሉ ቀንሶለታል፣ አልክድም፤ ግን የጠዋት ፀሐይ ካየ ሰነባበተ። ሞተረኞቹ በር ላይ ጥቅልል ሲያወርዱ "ጋሼ የት ጠፋ? ታመመ እንዴ?" ይላሉ። "አይ፣ ድኗል" ትላቸዋለች እትዬ ኦክቡን።

አንድ ቀን ጨርሶ ሲደክመው አለቃውን ጠየቀ።

"አንዴ ወጣ ብዬ ልምጣ።"

"ለምን? ባትሪው አለቀ?"

"ባትሪውስ አላለቀም።"

"ታዲያ ሲጋራ ትተዋል፣ ምን ሊሠሩ ይወጣሉ?"

ጋሽ ማንሶክ ወደ ካውያው ተመለሰ። ዕድሜውን ሙሉ "ላጭስ" ብሎ የወጣ ሰው ሌላ ቃል ከየት ያምጣ? ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ያረጀው እዛ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሁለት እግሩ ላይ ቆሞ። ለመቀመጥ ግን ምክንያት አምጣ ተባለ። እኔ ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ።

ወይዘሪት ናም የምትባል ወጣት ሴት አለች፣ ልብስ ቤት ያላት። ለክረምት ብላ የሱፍ ካፖርት አዝዛ ነበር፣ ወተት የመሰለ ነጣ ያለ ቀለም። እነ እትዬ ኦክቡን ሰፉት፣ ጋሽ ማንሶክ ተኮሰው፣ ተጫነ። ብዙም ሳይቆይ በዛው የጭነት መኪና ተመለሰ። ወይዘሪት ናም ራሷ አብራ መጣች። አንዱን ካፖርት አነሳችና ኮሌታውን አቶ ጓክ አፍንጫ ላይ አስጠጋችው።

"አቶ ጓክ፣ እኔ ያዘዝኩት ካፖርት ነው ወይስ ከረሜላ?"

አቶ ጓክ አሸተተ። ሴቶቹም አሸተቱ። ሁሉም ሽታውን ስለለመዱት መጀመሪያ ምንም አልሸተታቸውም። ጋሽ ማንሶክ ግን ካፖርቱን ሲያይ፣ ከዛ ጠረጴዛውን ሲያይ ገባው። ያ ሁሉ እልም ያለ ደመና የትም አልሄደም። በሱፉ ውስጥ ነው ሲያልፍ የኖረው። ካፖርቱን እየተኮሰ፣ በዛው እግሩ ኮክ ሲያጠጣው ከርሟል። አስማተኛው ማለት ይሄ ነው።

"ጥፋቱ" ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል አቶ ጓክ ቀደመው።

"ጋሽ ማንሶክ፣ ስንት ጊዜ ነው ውጪ ወጥተው ያጭሱ ያልኩዎት?"

እንዲህ ነው ያለው። ዓይኑን ሳያሽ።

ጋሽ ማንሶክ ካውያውን እንደያዘ ቀረ። እኔ ብሆን እጮህ ነበር፣ ወይም አልጮህም ነበር፣ አላውቅም። ወይዘሪት ናም አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን አየችና፣ "ይሄ ሰውዬ ሁለተኛ የኔን ካፖርት እንዲነካ አልፈልግም" አለች።

"ግድ የለም፣ ዛሬውኑ ይሸኛል" አለ አቶ ጓክ።

ጋሽ ማንሶክ የካውያውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። በዛ ዕድሜው፣ ካፖርት አበላሽቶ ተባረረ የተባለ ሰው ዳገቱ ላይ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ስፌት ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የተያያዙት፣ ወሬ ከሞተር ይቀድማል። መኪናዎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ።

እትዬ ኦክቡን ዝም ማለት ትችል ነበር። የሱ እረፍት ሲያቃጥላት የኖረ ሰው ናት፤ ይበለው ብትል ማን ይፈርድባታል? እንጀራዋም እዛው ቤት ነው። ጠረጴዛዋን ተደግፋ ተነሳች። ወገቧ ሲጮህ ሁሉም ሰማው።

"አለቃ፣ እንደሱ አላሉም" አለች።

"እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ።"

"ሥራዬ ኮሌታ ነው። የሸተተው ደግሞ ኮሌታው ነው፣ ስለዚህ ይመለከተኛል። ያሉትን ልድገመው? እንፋሎት በእንፋሎት፣ ማን ይለየዋል ነው ያሉት። እዛው ቆመው ይሳቡ ነው ያሉት። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ የመለሱት እርስዎ ነዎት።"

"አልሰማሁም የሚል ካለ" አለች ከኋላ ቁልፍ የምትተክለዋ፣ "ጆሮው ይታይለት። እኔ ሰምቻለሁ።"

"እኔም" አለች ሌላዋ።

አቶ ጓክ ሊናገር ሲል ወይዘሪት ናም ወደ ደረት ኪሱ አየች። የሱም የባትሪ ሲጋራ ከኪሱ ብቅ ብሏል።

"የርስዎስ ምን ምን ይላል?" አለችው።

"ወይን" አለ አቶ ጓክ፣ ቀስ ብሎ።

እሷ አልሳቀችም። "ማን ምን እንዳለ እናንተው ተነጋገሩ" አለች። "እኔ የምፈልገው ሽታው እንዲለቅ ነው። እናቴ ሱፍ ሲሸት ነፋስ ላይ ነው የምትሰቅለው። ስቀሉት። ካልለቀቀ አልወስደውም። የተኮሰውም ሰውዬ ይቆይ፣ ያበላሸው ያስተካክለው።"

ነፋስ የት አለ? ቤቱ ግቢ የለው፣ ሰገነት የለው። ያለው ደረጃው ነው። ጋሽ ማንሶክ ካፖርቶቹን በባዶ እንፋሎት ደግሞ አለፈባቸውና መደገፊያው ብረት ላይ በተርታ ተሰቀሉ። የሱፍ ካፖርት መንገድ ላይ ሰቅሎ መሄድ ደግሞ አይሆንም። ርግብ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ሞተር አለ፣ እጁ የሚበላው ሰው አለ። ጠባቂ ያስፈልጋል።

አቶ ጓክ ዙሪያውን አየ። ጋሽ ማንሶክን ሙሉ ቀን ቢያስቀምጥ የሚተኩስ የለም። "በተራ በተራ ውጡ" አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። በገዛ አፉ ነው ያለው።

መጀመሪያ የወጣችው እትዬ ኦክቡን ናት። ባዶ እጇን። ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ከኋላ ተደገፈች፣ ወገቧን ዘረጋችው። ግንቡን አየች። ቅጠሉ ቀልቷል። ስኳር ድንቹ ይሸታል። ጋሽ ማንሶክ ተራውን ሊቀበላት ሲወጣ ቀና ብላ አየችው።

"ይሄን ነው ለካ ስታጨስ የኖርከው" አለችው።

"ይሄን ነው።"

"ሌባ።"

"ነኝ" አለ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። "ስለ ዛሬው..."

"ዝም በል። ላንተ ብዬ አይደለም። እንዲህ ዓይኑን አፍጥጦ ሲዋሽ አንጀቴ አረረ።"

እኔ በደረጃው ያለፍኩት በነዛ ቀናት ነው። ካፖርቶቹ እዛው ሲነፍስባቸው ከረሙ፣ ሴቶቹም ጸሐይ ሲመታቸው ከረሙ። ከዛ ወይዘሪት ናም መጥታ አንድ በአንድ አሸተተች፣ ጫነች፣ ሄደች። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እኔም አልጽፍም ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ በለመዱት ሰዓት፣ እትዬ ኦክቡን መኪናዋን አጠፋችና ተነሳች። አቶ ጓክ በሩ ላይ ነበር።

"የት ነው?"

"ደረጃው ላይ።"

"ካፖርቶቹ ሄደዋል እኮ። ምን ሊጠብቁ ነው?"

"ወገቤን።"

አለፈችው። ቁልፍ የምትተክለዋ ተከተለቻት፣ ከዛ ሌሎቹ። ጋሽ ማንሶክ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አቆመ። ከአንገቱ ላይ ማንጠልጠያውን አወለቀና በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ፣ አቶ ጓክ ዓይን ስር፣ ሰቀለው።

"ሁላችሁም ከወጣችሁ ማን ሊሠራ ነው?" አለ አቶ ጓክ።

"ስንመለስ እኛው" አለ ጋሽ ማንሶክ። "እስከዛሬስ ማን ሲሠራ ነበር?"

ባዶ እጁን ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ እዛ በር ባዶ እጁን ሲያልፍ የመጀመሪያው ነበር፤ እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶበት ኪሱ ከተተው ብላ እትዬ ኦክቡን እስካሁን ትስቅበታለች።

አቶ ጓክ አላባረራቸውም። ክረምት ደርሶ ሥራ ተከምሮ ማንን ያባርራል? ይቅርታ ግን እስካሁን አላለም። "ስንት ጊዜ ነው ያልኩዎት" ያለውን ውሸት እንዳላለው ሆኖ ነው የሚኖረው፤ ጠዋት ጠዋት "ጋሽ ማንሶክ፣ እንደምን አደሩ" ይላል በዛው በማር አፉ። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሳንባህን አዘንኩለት ብሎ እረፍትህን የወሰደ ሰው ሌባ አይባልም፤ አስተዳዳሪ ነው የሚባለው።

ጋሽ ማንሶክ ሱሱን ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። ያቺን የባትሪ ሲጋራ ከሚስማሩ ላይ ያነሳትና ደረጃው ላይ ይዟት ይወጣል፣ ከጨርቅ ራቅ ብሎ አንድ ሁለቴ ይስባል። አንዳንድ ቀን ወሬ ይዞት ይረሳታል። ሸሚዜ አሁን ሸሚዝ ነው የሚሸተው።

ወደዚህ አገር የምትመጡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከገበያው ጨርቅ የጫኑ ሞተሮች የሚወጡበትን ዳገት ተከተሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ከአንድ ቧንቧ እንፋሎት የማይወጣበት ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ደረጃው ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ትኩስ ስኳር ድንች ብትይዙ እትዬ ኦክቡን ትወዳለች፤ ካልያዛችሁም ባዶ እጃችሁን ሂዱ። አጠገባቸው ተቀመጡ። ጠጋ ይሉላችኋል፣ ለምን መጣችሁ ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም።